አሥራ ሁለት ቃል አደራ

ጁባ፣ ሎሎጎ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሐጂ አብዱራሕማን
አዲስ አበባ፣ ቤተል

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ዓይንዎ እንዴት ነው? ልጅዎ ኢፍራህ የቀዶ ሕክምናው ቀን ገና አልተወሰነም አለችኝ። ይህንን የምታነብልዎ እሷ መሆኗን አውቃለሁ። ኢፍራህ እህቴ፣ የተቆጣሁበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን አታለስልሺ፤ እንደጻፍኩት አንብቢላቸው።

«ብላለች ወይስ አላለችም? እሱን ብቻ ትንገረኝ» ብለው አስጠይቀውኛል። ብያለሁ። ይቅርታም አልጠይቅም። ግን ያልኩትን እንዳልኩት ይስሙት።

በእትዬ በዛብሽ ምግብ ቤት ጓሮ የማስተምረውን ክፍል ያውቁታል፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ከዕቁቡ አዳራሽ ያስመጡልን እርስዎ ነዎት። ከዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሬ ስመጣ ሁሉም «ሴት ልጅ ስለ ቢትኮይን ምን ታውቃለች» ሲል፣ «ሰው የማያውቀው ነገር ውስጥ ገንዘቡን ከሚከት መጀመሪያ ገብቶ ይማር» ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያንን አልረሳም። ይህን የምጽፈውም ስላልረሳሁት ነው።

የክፍላችን ደንብ በመጀመሪያው ወር ምንም አለመግዛት ነው። ብዙዎቹ ግን ወደ እኔ የመጡት ቁጠባቸውን አስቀድመው ከከተቱ በኋላ ነው። ገንዘቡ የሚቀመጥበትን ቦርሳ በስልኩ የከፈተ ሰው አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጡታል። እነዚያን ቃላት የያዘ ገንዘቡን ይዟል። ስልኩ ኮር ዊሊያም መንገድ ላይ ቢነጠቅ በቃላቱ ሌላ ስልክ ላይ ይከፍተዋል። ቃላቱን ያየ ሌባም እንዲሁ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በኋላ «መልሱልኝ» የሚባል ባንክ የለም።

ተማሪዎቼ ቃላቱን ጽፈው፣ በፖስታ አሽገው፣ እርስዎ ጋ እንዳስቀመጡ የሰማሁት ለሕክምና ከሄዱ በኋላ ነው። ያን ቀን ክፍል ውስጥ የተናገርኩት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ለማንም አትስጡ። ለሐጂ አብዱራሕማን፣ በዚህ ከተማ ከሳቸው የሚበልጥ ታማኝ ለሌለው ሰው እንኳ፣ አትስጡ።» በየስልኩ የተሰራጨው ድምፅ ላይ ያለው ግን «ለሐጂ አብዱራሕማን አትስጡ» ነው። መሐሉን ቆርጠው አውጥተውታል።

ለምን በስልክ አልመለስኩልዎትም? ድምፅ ሲቆረጥ ስለማይታይ ነው። ወረቀት ሲቆረጥ መቀስ ያለፈበት ይታያል።

ጀንነት

---

አዲስ አበባ፣ ቤተል
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጀንነት፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። ኢፍራህ ድምፅዋን አላለሰለሰችም። እንዲያውም የራስዋን ቁጣ ጨምራበታለች መሰለኝ፤ ይህንንም ሳጽፋት እየሳቀች ነው።

እኔ የምለውን በትክክል ጻፊ ብያታለሁ። ልጄ፣ «አትስጡ» ያልሽው አላመመኝም። ያመመኝ «እንኳ» ያልሽው ነው። የኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነጋዴዎች ዕቁብ ዳኛ ሆኜ ስንቱን አሳልፌያለሁ። ከተማው በተኩስ ሲታመስ ሰው ልጁን ተሸክሞ ሲሸሽ እኔ የሰው ገንዘብ ያለበትን ሳጥን ተሸክሜ እስከ ድንበሩ፣ እስከ ኒሙሌ ድረስ ሄጃለሁ። ሁሉም ሲመለስ ያስቀመጠውን አግኝቷል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። እንደዚህ ያለ ሰው ስሙ ከ«እንኳ» ጋር ሲጠራ ምን ይሰማዋል? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አስቢበት።

ፖስታዎቹ ጁባ ሱቄ ውስጥ በብረት ሳጥኑ ነው ያሉት። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም እዚህ አንገቴ ላይ ነው። ማሂር ትናንት ደውሎልኝ ነበር። የወንድሜን ልጅ ታውቂዋለሽ፣ የዕቁባችን ጸሐፊ። «ቁልፉን ይላኩልኝ፤ የሁሉንም በአንድ ቦታ ሰብስቤ በየወሩ ትርፍ የሚያስገኝ ውስጥ ላስገባው፤ ያው ዕቁብ ማለት ነው» አለኝ። ገንዘቡ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ለሰዎቹ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጁባ የሚመጣ ሰው አለ፤ ቁልፉን በሱ እልካለሁ። ከዚያ በፊት አንቺ ምን ትያለሽ? ተቆጥተሽ ሳይሆን አስተማሪ ሆነሽ መልሺልኝ።

ደግሞ አድራሻሽ ላይ ሎሎጎ ጽፈሻል። አንቺ ጀበል ኩጁር፣ የአጎቴ ልጅ ግቢ ውስጥ አልነበርሽም እንዴ?

አብዱራሕማን፣ በኢፍራህ እጅ

---

ጁባ፣ ሎሎጎ
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሐጂ፤

ቁልፉን አይላኩ። ሰላምታዬን ከዚህ በኋላ አቀርባለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ያንብቡልኝ። ቁልፉን አይላኩ።

አሰላሙ ዓለይኩም።

አስተማሪ ሆነሽ መልሺ ብለውኛልና እንደ አስተማሪ ልመልስ። ዕቁብ አያተርፍም። ዕጣው የወጣለት ሰው የሚወስደውን ገንዘብ ማን እንዳዋጣው ፊት ለፊት ያያል። የማሂር ነገር ግን ትርፍ አለው ይባላል። ለሚቀጥለው ስልክዎ አንድ ጥያቄ ልስጥዎ፦ «ትርፉ ከየት ነው የሚመጣው?» ይበሉት። ሌላ ምንም አይጠይቁት። ቢትኮይን ራሱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የነገውን ዋጋ እኔም አላውቅም፣ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ነው ሰው ቢጠፋ የማይጎዳውን ያህል ብቻ ይክተት የምለው። ማሂር ግን የማያወላዳ ትርፍ በየወሩ ቃል ይገባል። እንዲህ ያለ ቃል የሚገባ ሰው የሚከፍለው ትናንት ለገባው ዛሬ ከገባው ላይ አንስቶ ነው። የሚገባ ሰው ያለቀ ቀን እሱም የለም።

ይህን ከሳምንታት በፊት ልነግርዎ ይገባ ነበር። ኢፍራህ «ሕክምናው እስኪያልፍ የወንድሙን ልጅ ስም አታንሺበት» ብላ ለመነችኝ። ኢፍራህ፣ ቃሌን አፍርሻለሁ፤ አንቺም በኔ ቦታ ብትሆኚ ታፈርሺው ነበር፤ አሁን ቀጥዪ። ድምፄን የቆረጠው ማሂር ነው። መጀመሪያ የለጠፈው በስልክ በከፈተው በራሱ ቡድን ላይ ነው። ጋምቤላ ያደገችው ተማሪዬ አቤኒ ደግሞ ትምህርቱን ለመከለስ ሁልጊዜ ትቀዳለች፣ ለቀሩትም ትልካለች፤ ሙሉው ስልኳ ውስጥ አለ። እኔ እንዳትገዙ ሳስተምር እሱ የሚገዛለት እያጣ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለ ሎሎጎም ጠየቁኝ። የአጎትዎ ልጅ «ሐጂን የሰደበች በግቢዬ አታድርም» አሉኝ። አልተከራከርኩም። ለርስዎ ክብር ብለው ስላደረጉት ልጠላቸው አልቻልኩም፤ ዕቃዬን ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ጭኜ ወጣሁ። እዚህ ጣሪያው ያፈሳል እንጂ ማንንም አላስፈቅድም።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። ተማሪዎቼን ማን ወደ እርስዎ እንደላካቸው ሲከነክነኝ ከርሞ እትዬ በዛብሽን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ቃላቱን ሐጂ ጋ አስቀምጡ ያላችሁ ማነው?»

«አንቺ!»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! ጠረጴዛውን እየደበደብሽ 'አሥራ ሁለቱን ቃላት አደራ! አደራ!' አላልሽም? እኛም አደራ አስቀመጥን። በዚህ አገር አደራ የሚቀመጠው የት ነው? ሐጂ ጋ! ታዲያ ከሥጋው ጋር ፍሪጅ ልክተተው?»

ሐጂ፣ «አደራ» ስል «እባካችሁ ጠብቁ» ማለቴ ነበር። እነሱ የሰሙት «አደራ አስቀምጡ» ነው። በዩኒቨርሲቲ ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ሰው በስንት መንገድ ቃላቱን እንደሚያጣ ይዘረዝራል፤ በታማኝነት የሚጠፋበትን መንገድ ግን የጻፈ የለም። ከእንግዲህ በክፍሌ ውስጥ «አደራ» የሚል ቃል አይነገርም ብያለሁ።

«እንኳ» ያልኩትን አስቤበታለሁ። ሌላ ቃል ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። «እንኳ» የሚባለው መጨረሻ ላይ ለቆመ ሰው ነው። ከርስዎ በላይ የምጠራው ስም ቢኖረኝ እሱን እጠራ ነበር።

ቁልፉን አይላኩ።

ጀንነት

---

ጁባ፣ ሎሎጎ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሐጂ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አጭሯ ደብዳቤዎ ደረሰችኝ። ቁልፉ አሁንም አንገትዎ ላይ መሆኑን ሳነብ ቁጭ ብዬ ውኃ ጠጣሁ።

ማሂር ላቀረቡለት ጥያቄ «እርስዎ ይህ አይገባዎትም» ብሎ መመለሱ አልገረመኝም። እኔን የገረመኝ እርስዎ «እንዲገባኝ አድርገህ ንገረኝ» ብለው ስልኩን ይዘው መጠበቅዎ ነው። ኢፍራህ በዳር ጽፋልኛለች፤ እስኪዘጋው ድረስ አንድም ቃል አልጨመሩም አሉ። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ። የወንድምን ልጅ እንዲህ መጠየቅ ከፈተና ሁሉ ይከብዳል።

ቢትኮይን ሐላል ነው ሐራም ላሉት፣ እኔ የሃይማኖቱን ሕግ፣ ፊቅህን፣ አልተማርኩም፤ ዑለማዎቹ ራሳቸው እንደሚለያዩ ብቻ አውቃለሁ። የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ። በማላውቀው ነገር ላይ አዋቂ ከመሰልኩ ከማሂር በምን እለያለሁ?

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «ሁሉም የየራሱን ቃላት ይያዝ አልሽ፤ ባለቤቱ ቢሞትስ?» አሉ። በክፍሌ ካሉት ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እውነቱን ልንገርዎ፦ ቃላቱን ለማንም ሳያሳውቅ የሞተ ሰው ገንዘቡ አብሮት ይቀበራል። ገንዘቡ እዚያው አለ፣ ልጆቹ ስንት እንደሆነ ሊያዩት ይችላሉ፣ ግን ማንም አይነካውም። መፍትሔ የሚባሉ አሉ። አንዱ፣ ወረቀቱን ለወራሽ ሳያሳዩ ያለበትን ቦታ ብቻ መንገር ነው። ሙሉ መልስ ግን አይደለም፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰውም ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። ይህ የዚህ ገንዘብ ትልቅ ጉድለቱ ነው። ሰው ሳይገዛ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ባለፈው እሑድ ሙሉውን ትምህርት በዚሁ ላይ አደረግኩት። ሰሌዳው ላይ «የሐጂ ጥያቄ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰዎች ተነስተው «እኔ ይሄን ነገር አልገዛም» ብለው ሄዱ። ደስ አለኝ። አውቀው ነው የሄዱት።

ቀዶ ሕክምናው መቼ ነው? በኢፍራህ በኩል ሦስት ጊዜ ጠይቄ አልመለሱልኝም። እኔ ዜና ስደብቅ በአጭሯ ደብዳቤዎ ተቆጥተውኛል፤ እርስዎስ?

ጀንነት

---

አዲስ አበባ፣ ቤተል
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጀንነት፤

ሕክምናው አልፏል። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዓይኔ ታስሯል፤ ይህንንም የምትጽፈው ኢፍራህ ናት።

የሆነውን ልንገርሽ። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ልገባ ስል ነርሷ «አባባ፣ አንገትዎ ላይ ያለውን ብረት ያውልቁ» አለችኝ። ቁልፉን አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ለማን ልስጠው? ኢፍራህ በር ላይ ቆማለች። ልጄ ናት፣ አምናታለሁ፤ ግን እነዚያ ሰዎች ኢፍራህን መቼ መረጡ? አደራ የሰጡት ለኔ ነው። ያን ጊዜ ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቀር ስርቆት ሳይኖር፣ ክህደት ሳይኖር፣ የሁሉም ሰው ቁጠባ በአንድ የብረት ሳጥንና በአንድ ሽማግሌ አንገት መሐል ይቀር ነበር።

ጀንነት፣ አንቺ ታማኝነቴን አልነካሽም። ሟች መሆኔን ነው ያስታወስሽኝ። ሰው ሁሉ ለዚህ ዕድሜዬ ሲዋሽልኝ አንቺ አልዋሸሽልኝም።

ቁልፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዛ የምትመጣው የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ያለችው ራሄል ናት። ለማሂር አይሰጥም። ላንቺም አይሰጥም፤ አትቀየሚ። በዕቁቡ ቀን፣ ሁሉም ባለበት፣ እትዬ በዛብሽ ሳጥኑን ወደ አዳራሹ አስመጥታ ትክፈትና ፖስታውን ለየባለቤቱ በእጁ ትስጥ። ከዚያ በፊት አቤኒ ስልክ ላይ ያለው ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማ። ፖስታው ሳይነካ ቢገኝም ሁሉም አዲስ ቦርሳ ይክፈት፤ ገንዘቡን ወደዚያ ያዙር። አንቺ ይህን ለማለት ታፍሪ ይሆናል ብዬ ነው እኔ የምለው። አደራ ከተመለሰ በኋላ ማንም በኔ ስም እንዳይተኛ።

ማሂርን ለኔ ተዪው። የወንድሜ ልጅ ነው።

አብዱራሕማን፣ በኢፍራህ እጅ

---

ጁባ፣ ሎሎጎ
ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሐጂ፤

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንኳን አላህ ማረዎት።

ትናንት እንዳሉት ሆነ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። ድምፁ ሲሰማ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ራሴን መስማት አልወድም። ከውጭ ሆኜ «ከሳቸው የሚበልጥ ታማኝ ለሌለው ሰው» የሚለው ላይ ሲደርስ ሰማሁ። ከዚያ የአጎትዎ ልጅ ወጡና አጠገቤ ቆሙ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ ልጄ» አሉኝ። «ቤትሽ ቤትሽ ነው፣ ተመለሺ።» አመሰገንኳቸው። አልመለስም ግን፤ ሎሎጎ ተመችቶኛል፣ ጣሪያውንም አስጠግኛለሁ።

ማሂር መምጣቱን በስልክ ሰምተው ይሆናል። ተነስቶ «ሐጂ አርጅተዋል፤ ይቺ ልጅ አእምሯቸውን አዙራባቸው ነው» አለ። እትዬ በዛብሽ ቁልፉን እንደያዙ ዞሩበት።

«ስማ አንተ፣ እኔ ሽንኩርት ሳልጨብጥ አልገዛም። ያንተ ትርፍ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከገበያው ነዋ።»

«ከየትኛው ገበያ? ከኮንዮ ኮንዮ? እኔ እኮ እዚያው ነው የምውለው፤ አላየሁትም።»

ሰው ሳቀ። ማሂር ፖስታው ታድሎ ሳያልቅ ወጣ። ሁሉም ተማሪ ግን አልዳነም፤ አንዱ ተማሪዬ ፖስታውን ተቀብሎ ማሂርን ተከትሎ ወጣ። ጠርቼው ነበር። የሰማ ሰው ሁሉ ያምናል ማለት አይደለም፤ ይህን እኔም ልማረው ይገባል።

ፖስታዎቹን አየኋቸው፣ ሐጂ። ማሸጊያው ላይ እያንዳንዱ ባለቤት ያደረገው ምልክት እንዳለ ነው። እትዬ በዛብሽ በሊፕስቲክ ቀብተውት ነበር፤ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ሰው ሁሉ ፖስታውን ገልብጦ ገልብጦ አየ። ከዚያ «ሳይነካም ቢገኝ ሁሉም አዲስ ይክፈት» ያሉት ሲነበብ ያለቀሱ ነበሩ። ተምሬ፣ አንብቤ፣ ደንብ አውጥቼ ያልኩትን እርስዎ በራስዎ ስም ላይ ፈረዱት። እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም።

አዲሱን ቦርሳ ምግብ ቤቱ ውስጥ ስንከፍት፣ ከቃላቱ አንዱ ያልገባቸው እትዬ በዛብሽ አስተናጋጃቸውን በእንግዳ ሁሉ ፊት «ና እስቲ፣ ሊዛርድ ምንድን ነው?» ብለው ጮኹ። «እንሽላሊት ነው፣ እትዬ» አላቸው። «እትዬ፣ አሁን ቤቱ ሁሉ ሰማ፤ እንደገና ይክፈቱ» አልኳቸው። «ደግ፤ እንሽላሊትም ጠልቼ ነበር» አሉኝ።

ዓይንዎ መቼ ይፈታል?

ጀንነት

---

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017

ልጄ ጀንነት

ይህን እኔ ራሴ ነው የጻፍኩት። መስመሩ ተጣሞ ከሆነ ኢፍራህን እንዳትወቅሺ። ስሜን እኔ መጻፍ አለብኝ ብዬ ወረቀቱን ቀማኋት።

ማሂር መጥቶ ነበር። ሲያለቅስ አየሁት። የዕቁቡን ጸሐፊነት አስረክቧል። የቀረውን በእኔና በሱ መሐል ተዪው።

በወሩ መጨረሻ እመለሳለሁ። አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። ካዋስኳችሁ አግዳሚ ላይ ለሽማግሌ የሚሆን ቦታ አለ? ከፊት ቢሆን፤ ዓይኔ ገና ነው። መግዛት ይገባኝ እንደሆነም ንገሪኝ።

አብዱራሕማን

---

ጁባ፣ ሎሎጎ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሐጂ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎን እየደጋገምኩ አየሁት። መስመሩ ተጣሟል። አንድም ፊደል አልተቆረጠም።

መግዛት ይገባዎት እንደሆነ አልነግርዎም፤ ያንን የምነግር አስተማሪ ከሆንኩ ክፍሉን ይዝጉት። በመጀመሪያው ወር አንገዛም፤ ደንቡ ለርስዎም ይሠራል። ወሩ ሲያልቅ ራስዎ ያውቁታል። ካልገዙም ቦታዎ ቦታዎ ነው።

ወንበርዎ ከፊት ተቀምጧል። ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት አቤኒ መጽሐፏን አድርጋበታለች። የመጀመሪያውን ትምህርት እርስዎ እንዲከፍቱልን ተማሪዎቹ ተስማምተዋል። ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን አረፍተ ነገር መርጫለሁ፤ ይኸው ያ ያጣላን ነው፣ ሳይቆረጥ፣ በርስዎ አፍ። እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡልን፦ «ለማንም አትስጡ። ለኔ እንኳ።»

ከዚያ ቦርሳዎን እንከፍታለን። ቃላትዎን ሲጽፉ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ለኢፍራህ፣ ለእትዬ በዛብሽ፣ ለኔም ቢሆን አያሳዩ። በክፍሌ አይነገርም ያልኩት ቃል ነበር፤ ዛሬ ብቻ ደንቤን ላፍርስ።

አደራ፣ ሐጂ።

ጀንነት